አዛውንት አዛውንትን ሲጠይቅ፦ በእድር ስለሚካሄድ የቤት ለቤት ድጋፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለእድር ኮሚቴዎች፣ ለሰፈር የአረጋውያን ማኅበራትና «ገና ጉልበት አለኝ፣ ምን ልሥራ?» ለሚሉ ጡረተኞች የተዘጋጀ ነው። ቁጥሮቹ የከተማ እድርን በማሰብ የተሰሉ ናቸው። ገጠር ላይ ቤትና ቤት ስለሚራራቅ እንደ ርቀቱ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ዕድሜው 60 ያለፈ፣ በእግሩ የሚሄድና ጊዜ ያለው ሰው፣ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን የሰፈሩን አዛውንት በታወቀ ቀንና ሰዓት እየሄደ ይጠይቃል። መጠየቅ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። እዚህ ላይ የሚለየው ቀን ያለው፣ መዝገብ ያለው፣ ሳይሄዱ ቢቀሩም «ለምን ቀራችሁ?» የሚል አስተባባሪ ያለው መሆኑ ነው። የሚሄደውን ሰው «ጠያቂ» እንለዋለን። የሚጠየቁትን ግን «ተጠያቂ» አንልም፤ ፖሊስ ጣቢያ የገቡ ያስመስላል። «ቤት የሚውሉ» ይበቃል።

ለምን ወጣቶች አይሠሩትም? ጉልበቱ ያለው እነሱ ጋ ነው።

ጉልበት የሚጠይቀውን ይሥሩ፤ ውሃ መቅዳት፣ የሚያፈስ ጣራ መድፈን፣ ታማሚ ተሸክሞ መኪና ላይ ማውጣት የነሱ ድርሻ ነው። ለጥየቃው ግን ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ አዛውንቱ ብቻቸውን የሚቀሩት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ ነው፤ ያን ጊዜ ወጣቱ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። እማማ ለልጅ እግር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይሸኛሉ። ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ ትናንት ማታ ከአልጋ ሲወርዱ እንደወደቁ፣ የልጃቸው ሚስት እንደምታመናጭቃቸው የሚነግሩት ለእኩያቸው ነው። ያ ወሬ ደግሞ ግማሹ ሥራ ነው።

ለጠያቂነት ማን ይመረጣል?

በክብርና በሥልጣን አይመረጥም። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ቢሄዱ ቤቱ ሁሉ ተነስቶ ይቆማል፣ እውነተኛው ችግር ግን ይደበቃል። የሚታየው ይህ ነው፦

ሰውየው 15 ደቂቃ ሄዶ መመለስ ይችላል ወይ? ከወንበር እጁን ሳይደገፍ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ካቃተው ለራሱም የመውደቅ አደጋ አለበትና ቤት ለቤት አይላክም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለው በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ። ጠያቂዎች ሁለት ሁለት ሆነው በጥንድ ስለሚሄዱ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ (በመነጽርም ቢሆን) የመድኃኒት ጽሑፍ ማንበብ አለበት። የመጨረሻው ምስጢር መያዝ ነው፤ ይህ በፈተና አይታወቅም። የሰፈሩን ሴቶች «ቡና ላይ የሰው ጉዳይ የማታነሳ ማን ናት?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ቅጽ ይሻላል።

ገላ መታጠብና ልብስ መቀየር ስለሚኖር ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ይመደባል። ወንድ ጠያቂ ማግኘት ከባድ ነው። ጡረታ የወጡ ወታደሮች፣ ሾፌሮችና መምህራን ዘንድ ሄዶ በስማቸው ጠርቶ መለመን ይጠይቃል፤ በስብሰባ ላይ «ፈቃደኛ ካለ» ቢባል እጅ የሚያወጣ አይገኝም።

መሄድ የማይችሉ አዛውንት ምንም ድርሻ የላቸውም ማለት ነው?

አላቸው፣ እንዲያውም ትልቅ። ከአልጋ የማይወርዱ ሰው ስልክ መያዝ ከቻሉ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ ለአምስት ብቸኛ አዛውንት «እንዴት አደሩ?» ብለው መደወል ይችላሉ። ደንቡ አጭር ነው፤ ስልኩ ካልተነሳ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይደወላል፣ አሁንም ካልተነሳ ለቅርብ ጎረቤት ተደውሎ በር ይንኳኳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአየር ሰዓትና በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የስልክ ዝርዝር ብቻ ነው። ወድቆ ሌሊቱን መሬት ላይ ያደረ ሰው ቶሎ የሚገኘው በዚህ ጥሪ ነው።

ስንት ጠያቂ ያስፈልጋል?

150 አባወራ ያለው እድር ቤት የሚውሉ 18 ሰዎች አሉት እንበል። 12 ጠያቂዎች በስድስት ጥንድ ይከፈላሉ፣ አንዱ ጥንድ ሦስት ቤት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። አንድ ጥየቃ 45 ደቂቃ ቢወስድ ለሦስቱ ቤት ከእግር መንገዱ ጋር ሦስት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ለ65 ዓመት ሰው ከዚህ በላይ አይጫንም። ሁለት ተጠባባቂ ይጨመሩ። ቀኑ ሰኞና ሐሙስ ቢሆን በመሃል የሚቀረው ክፍተት ይመጣጠናል፤ ሰኞና ማክሰኞ ከተደረገ ግን አዛውንቱ አምስት ቀን ሰው አያዩም። የገበያ ቀንና የወር በዓል ላይ የወደቀ ፕሮግራም ከወር በላይ አይዘልቅም።

ብቻውን ማንም አይሂድ። ጥንድ መሆኑ ለደህንነት ብቻ አይደለም፤ «ገንዘቤ ጠፋ» የሚል ክስ ሲመጣ ምስክር የሚሆነው ሁለተኛው ሰው ነው።

ከየት እንጀምር?

ከደንቡ። የእድር ገንዘብ ለሞት ነው የሚል አባል ሁልጊዜ አለ፣ ደንቡም እንዲያ የሚል ከሆነ እውነቱን ነው። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ ለምሳሌ «እድሩ በሕመምና በእርጅና ምክንያት ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሕያዋን አባላቱ የጥየቃና የእንክብካቤ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለዚህም ከወርሃዊ መዋጮ ተለይቶ የሚያዝ ገንዘብ ይኖረዋል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቀጥሎ ቤት የሚውሉትን መመዝገብ ይመጣል። ማን የት እንዳለ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው የእድሩ ለፋፊ ነው፤ በሁሉም በር አልፏል። ነገር ግን ዝርዝሩ በስብሰባ አይነበብ፣ ግድግዳም ላይ አይለጠፍ። «ጧሪ የሌላቸው» ተብለው በአደባባይ ስማቸው የተጠራ ሰው በሩን ይዘጋል።

በመጀመሪያው ወር አምስት ቤት ብቻ ይያዝ። በ18 ቤት የተጀመረ ጥየቃ ስህተቱም በ18 ቤት ይባዛል።

አንድ ጥየቃ ምን ይመስላል?

በሩ ላይ ሰላምታ እየተሰጠ ዓይን ሥራ ይጀምራል። የውሃ ጀሪካኑ ሞልቷል ወይ? ትናንት የመጣው እንጀራ ሳይነካ ደርቋል ወይ? ወለሉ ላይ የተጣጠፈ ምንጣፍ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ አለ? ክረምት ላይ በርና መስኮቱ ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አለ ወይ? የከሰል ጭስ ባይታይና ባይሸትም ይገድላል፤ ምድጃው ከመተኛት በፊት ውጭ ይውጣ።

ከዚያ መቀመጥ፣ ማውራት። ቀጥሎ አራት ጥያቄ በወሬ መካከል ይነሳል፤ ምን በሉ፣ ውሃ ጠጡ ወይ፣ ወደቁ ወይ፣ ሽንትና ሰገራ እንዴት ነው። ብዙ አዛውንት መጸዳጃው ግቢ ጥግ ስለሆነና ሌሊት መውጣት ስለሚፈሩ ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም። መፍትሔው ምክር ሳይሆን ፖፖ ነው፤ ክዳን ያለው ባልዲም ይሆናል፣ ጠዋት የሚደፋው ሰው ግን አስቀድሞ በስም ይወሰን።

በመጨረሻ አንድ ሥራ በእጅ ይሠራል፤ ፀጉር ማበጠር፣ እግር ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ። የስኳር ሕመምተኛ እግር በሙቅ ውሃ አይዘፈዘፍም፤ ስሜቱ ደካማ ስለሆነ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ለብ ያለውን ውሃ ጠያቂው በራሱ ክንድ ይለካ፣ በጣቶቹ መካከል በደንብ ያድርቅ፣ ቁስል ካየ ጥፍሩን ሳይነካ ጤና ጣቢያ ይላክ።

መድኃኒት መስጠት ይፈቀድላቸዋል?

ማስታወስ እንጂ ማዘዝ፣ መጨመር ወይም መቀነስ የለም። አዛውንት ለአዛውንት በሚሠራበት ቦታ ትልቁ አደጋ ከልብ ከሆነ ደግነት ይመጣል፦ «እኔም ግፊት አለብኝ፣ የኔ ኪኒን ፍቱን ነው፣ እንካ ሞክረው።» ለአንድ ጊዜም ቢሆን ይህን ያደረገ ጠያቂ ከሥራው ይቆማል።

ማንበብ ለማይችሉ በማሸጊያው ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ በእስክሪብቶ መሳል ይሠራል። ፍሬውን መቁጠርም ጠቃሚ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ 60 ፍሬ ለ30 ቀን ነው፤ በ20ኛው ቀን 20 መቅረት ሲገባው 35 ካለ እየተዘለለ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን አልዋጡም?» አይደለም። «ሲውጡ ምን ይሰማዎታል?» ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማዞር ወይም ጨጓራ ይሆናል፣ ያ ለሐኪሙ ይነገራል።

ሁለት ነገር በተለይ ይታይ። ላዚክስን የመሰለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሳል፣ በጨለማ መውደቅም ይከተላል፤ ሰዓቱ ወደ ጠዋት መዞር ይችል እንደሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ። ሁለተኛው ጾም ነው። በኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ በሚባለው የስኳር ኪኒን ላይ ያሉ ሰው መድኃኒቱን ወስደው እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ይመጣል። መዋጥ ከቻሉ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው መድገም፣ ሲሻላቸው ምግብ ማስከተል። ራሳቸውን የሳቱ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና። የረመዳንም ሆነ የዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሐኪሙና ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር አስቀድሞ መነጋገሩ የጠያቂው ሥራ ነው። «አይጹሙ» ማለት ግን የጠያቂ ሥልጣን አይደለም፣ ቢሉም አይሰሟቸውም።

ደም ግፊት መለካትስ?

በክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ መለኪያ ካለና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ካሳየቻቸው ይለካሉ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንዱ በልብ ትክክል፣ ከእጅጌ በላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ። ቡናው ከመቅረቡ በፊት ይሁን፤ ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ቀኑ ይሄዳል። ቁጥሩ 180 በ120 ወይም በላይ ከሆነ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገም። እንደዚያው ሆኖ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ ብዥታ ወይም ድክመት ካለ ወዲያው ሆስፒታል፣ ምልክት ከሌለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ።

የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዝለፍለፍ ወይም የንግግር መተሳሰር በድንገት ከመጣ መለካት አያስፈልግም። ስትሮክ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የጀመረበት ሰዓት ተጽፎ ወዲያው ይኬዳል።

«እርጅና ነው» የሚባለው ምን ምኑ እርጅና አይደለም?

ብዙው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ቢዘባርቁ፣ ልጃቸውን ባይለዩ፣ ያ የዕድሜ ነገር አይደለም። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ዓይናቸው ቀስ በቀስ የጠፋባቸው የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። መስማት ያቃታቸው ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል። በየቤቱ «አርጅተው ነው» ተብለው የተተዉ ሰዎች መካከል የሚድን ሰው ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን መንከባከብ ይችላሉ?

ለብቻቸው አይችሉም፤ ቤተሰብን ያግዛሉ። የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ ታማሚው ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን መዞር አለበት። ይህን በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ጠያቂ ሊሠራው አይችልም፣ ለቤተሰቡ ግን አሳይቶ ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይችላል። በየጥየቃው ተረከዝ፣ ዳሌና የጅራት አጥንት አካባቢ ይታያል። ቀላ ያለው ቦታ በጣት ተጭነው ሲለቁት ካልነጣ ቁስሉ ጀምሯል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ ሙቀቱንና መጠንከሩን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ማሸት ክልክል ነው፣ ከሥር ያለውን ሥጋ ይብስ ይጎዳል።

ሲያጎርሱ ቀና አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ፣ የቀደመው መዋጡን አይተው። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ።

መሸከም የለም። የ66 ዓመት ሰው የ70 ኪሎ ሰው ከመሬት ለማንሳት ቢሞክር ሁለት ታማሚ ይሆናል። የወደቀ ሰው ትራስና ብርድ ልብስ ተደርጎለት ወጣቶች ይጠራሉ፤ ዳሌው ካመመው ወይም አንዱ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ስብራት ሊሆን ስለሚችል አይነቃነቅም።

ለጠያቂዎች ይከፈላል?

ደመወዝ የለም፣ ወጪ ግን ከኪሳቸው አይውጣ። ከውጭ በመጣ ፕሮጀክት የቀን አበል የተጀመረ ሥራ አበሉ በቆመ ማግስት ይቆማል፤ ይህ የሚገርም አይደለም፣ መጀመሪያውኑ የተቀጠሩ መስሏቸዋል። የተሻለው እድሩ ለጠያቂዎቹ የወር መዋጮ ነፃ ማድረጉ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ክብር አለው፣ ከእድሩም ጋር ይኖራል። ጃፓን ውስጥ የኢናጊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 አረጋውያን በጎ ፈቃደኞች በሠሩት ሰዓት ነጥብ የሚያገኙበትን አሠራር ጀምራለች፤ ነጥቡ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ በዓመት ከ5,000 የን አይበልጥም። ጣሪያ ማበጀቱ ነው ቁም ነገሩ።

150 አባወራ በወር 10 ብር ቢጨምር 1,500 ብር ይሆናል። ለሳሙና፣ ለጓንት፣ ለአየር ሰዓትና ለድንገተኛ ታክሲ ነው እንጂ ለመድኃኒት መግዣ አይበቃም። ለመድኃኒቱ መንገዱ የማኅበረሰብ ጤና መድን ነው፤ መክፈል የማይችሉ ሰዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ፣ ቤት የሚውሉት አዛውንት በወረዳው ዝርዝር ውስጥ መግባታቸውንና መታወቂያቸው በየዓመቱ መታደሱን ጠያቂዎቹ ይከታተሉ። ወረፋ የሚይዝ ሰው በማጣት ብቻ መብቱ የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ ጽሕፈት ቤት ሲኬድ እንደ ልመና መለሳለስ አያስፈልግም።

«ቤቱን ሊወርሱ ነው የሚመላለሱት» ቢባልስ?

ይባላል። በተለይ ልጆቻቸው ራቅ ያሉ፣ ቤታቸው መሃል ከተማ የሆነ አዛውንት ሲጠየቁ። ስለዚህ ጠያቂ ውክልና አይቀበልም፣ የኑዛዜ ምስክር አይሆንም፣ የባንክ ደብተርም ሆነ ካርድ አይዝም፣ የምስጢር ቁጥር አይሰማም፣ ገንዘብ አያበድርም አይበደርም። እንቁላል ወይም ቡና ቢሰጡት እዚያው ይበላል፣ ይጠጣል እንጂ ይዞ አይወጣም። ጡረታ የሚያወጣላቸው የሌላቸው ከሆነ ውክልናው ለማን እንደሚሰጥ እድሩ ሳይሆን ራሳቸው ይወስናሉ፤ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል በሕግ ይፈጸማል።

ጠያቂው የተመታ ገላ፣ የተዘጋ በር ወይም የተነጠቀ ጡረታ ካየ ቤት ውስጥ አይጋፈጥም። ለአስተባባሪው በቃል ይነግራል፣ አስተባባሪው ለወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ አደጋው ቅርብ ከሆነ ለፖሊስ ያሳውቃል። ይህ በመዝገቡ ላይ አይጻፍም፤ መዝገቡ እዚያው ቤት ነው የሚቀመጠው፣ ደብዳቢውም ያነበዋል።

ውጭ አገር ያለን ልጆች ምን እናድርግ?

ለጠያቂው በግል ገንዘብ አትላኩ፤ አንዱ ቤት ከተላከለት ሌላው ቤት ይቀራል፣ ጥንዱም ይጣላል። የወላጆቻችሁን የእድር መዋጮ ሳይቋረጥ ክፈሉ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩ፣ የቪዲዮ ጥሪያችሁን በጥየቃው ቀን አድርጉት። ጠያቂዋ ስልኩን ስትይዝላቸው ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን እግራቸውንም ታያላችሁ።

ጠያቂው ራሱ ሲደክም ወይም ቤት ሲውልስ?

ይደርሳል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ይታሰብበት። በየስድስት ወሩ የወንበሩ ፈተና ይደገማል። ያልቻለ ሰው «ይብቃዎት» ተብሎ አይሸኝም፤ ወደ ጠዋቱ የስልክ ጥሪ ይዛወራል፣ የያዛቸው ሦስት ቤቶች ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ አንድ አንድ እየተደረገ ለተተኪው ይተላለፋሉ። በመጨረሻው ጥየቃ ጥንዱና ተተኪው ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ፤ እማማ አዲሷን ጠያቂ የሚቀበሏት የቀድሞዋ ስታስተዋውቃት ነው። ከሚጠይቋቸው አንዱ ሲሞቱ ጥንዱ ከለቅሶው በኋላ ለሁለት ሳምንት አዲስ ቤት አይሰጠው።